ምራቂ የሌለው ምረቃ

ዛሬ ስለ ነጥብ እንነጋገር። ስለ አራት ነጥብ አይደለም፤ እሱን የሰዋስው መምህሮቻችን ጨርሰውታል። የምንነጋገረው በሁለት ቁጥሮች መሐል ገብታ የስንቱን አንገት ስለምታስደፋው ስለዚያች ትንሽ ነጥብ ነው።

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች በተለመደው ደንብ አማካይ ውጤቱ 3.25 የገባ «በማዕረግ» ይመረቃል። 3.50 የገባ «በከፍተኛ ማዕረግ»፣ 3.75 የገባ ደግሞ «እጅግ ከፍተኛ በሆነ ማዕረግ»። እስከዚህ ድረስ ጸብ የለንም። ጸባችን የሚጀምረው 3.74 ላይ ነው። 3.74 እኮ የወደቀ ሰው ውጤት አይደለም! በከፍተኛ ማዕረግ የሚያስመርቅ ነው። ግን ጊቢ ውስጥ 3.74 ያመጣን ልጅ ፊት አይታችሁ ታውቃላችሁ? 3.30 ያመጣው ዶርም ውስጥ ሲጨፍር፣ ባለ 3.74ቱ አልጋው ላይ ተጠቅልሎ ካልኩሌተር ይነካካል። ሠላሳ ጊዜ ይደምራል፣ ሠላሳ ጊዜ ያካፍላል፣ ሠላሳ ጊዜ ያው ነው።

እስቲ ሂሳቡን አብረን እንሥራው። (የሂውማኒቲስ ተማሪ ሂሳብ አይችልም የምትሉ እዚህ ጋ ዝም በሉ።) አንድ ተማሪ ለመመረቅ 120 ክሬዲት ወሰደ እንበል፤ ቁጥሩን የመረጥነው ለሥሌት እንዲመች ነው፣ እንደየትምህርት ክፍሉ ይለያያል። እያንዳንዱ ኮርስ ሦስት ክሬዲት ቢሆን 40 ኮርስ መሆኑ ነው። ኤ ማይነስ 3.75፣ ቢ ፕላስ 3.50 ይይዛል። ከአርባው ኮርስ በአንዱ፣ በአንዱ ብቻ፣ ኤ ማይነስ መሆን የሚችለው ቢ ፕላስ ሆነ። ልዩነቱ 0.25 ሲባዛ በሦስት፣ 0.75 ነው። 0.75 ለ120 ሲካፈል 0.00625። ስለዚህ 450 ነጥብ ሰብስቦ ልክ 3.75 የሚገባው ልጅ 449.25 ሰብስቦ 3.74375 ላይ ቆመ። ሬጅስትራር ጅራቷን ቆርጦ 3.74 ብሎ ይጽፍለታል።

ያ ቢ ፕላስ ከየት መጣ? ከ79። 80 ቢሆን ኤ ማይነስ ነበር። እንግዲህ አርባ ኮርስ፣ እያንዳንዱ ከመቶ፣ ድምሩ 4,000 ማርክ ነው። ከ4,000 ማርክ አንዷ ጎደለች።

ይኽን ሂሳብ ይዘን ወደ መርካቶ እንውረድ፤ በርበሬ ተራ። አንድ ኪሎ በርበሬ ለ4,000 ቢከፈል አንዱ ክፍል ሩብ ግራም ነው። ሩብ ግራም በርበሬ ማለት የሚዛኑ ሳሕን ላይ ተጣብቆ የሚቀር፣ የሻጭዋን ጣት የሚያቀላ፣ አላፊ አግዳሚውን የሚያስነጥስ አቧራ ነው። በዚያ አቧራ ምክንያት ገዢና ሻጭ ሲጣሉ አይተን አናውቅም።

መርካቶ ውስጥ ሚዛን የሚሰርቅ የለም አንልም፤ ሞልቷል። እናቶቻችን ከቤታቸው ሚዛን የደበቁት ለምን ሆነና! ነገር ግን ደንበኛዋን ማቆየት የምትፈልግ ሻጭ ሚዛኑ እኩል ሲሆን ወዲያው እጇን አትሰበስብም። ገዢዋ «ደፋ አድርጊልኝ እንጂ» ትላለች፤ ሻጭዋ አጉረምርማ አንድ እፍኝ ትጨምራለች። ያቺ እፍኝ ስም አላት፤ ምራቂ ትባላለች። «በይ መርቂልኝ» ይባላል። አማርኛችን ልጅ የሚመረቅበትንና በርበሬ የሚመረቅበትን ቃል አንድ አድርጎ አስቀምጦታል። ሽማግሌው ይመርቃል፣ ሻጭዋ ትመርቃለች፣ ዩኒቨርሲቲው ያስመርቃል። ከሦስቱ መሐል ጭማሪ የሚባል ነገር የማያውቀው የተማረው ክፍል ብቻ ነው።

ምራቂን ግን እንደ ምጽዋት የሚያይ ካለ ገበያ አያውቅም። ሻጭዋ የምትጨምረው ሚዛኗ ልክ እንዳልሆነ ስለምታውቅ ነው። ብረቱ ተበልቷል፣ ሳሕኑ ጎብጧል፣ ነፋስ አለ። ስሕተቱ ከተፈጠረ በማን በኩል ይፍሰስ? ሚዛኑን በያዘው በኩል። ይኽ የገበያ ሕግ ነው፣ ያውም ጥሩ ሕግ። አሁን ወደ ፈተና ወረቀታችን እንመለስ። አንድ መምህር ሰማንያ የመልስ ደብተር ተቆልሎበት፣ ውጤት አስገባ ተብሎ ቀን ተቆርጦበት፣ መብራት እየሄደ እየመጣ ስለ አንድ ልብወለድ የተጻፈ አራት ገጽ ሐተታ ያርማል። ይኽ ሰው 79ን ከ80 የሚለየው በምን መሣሪያ ነው? ያንኑ ደብተር በማግሥቱ ቢሰጡት 76 ወይም 83 ሊሰጠው እንደሚችል እሱም ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን። ሚዛኑ ሁለት ኪሎ ወዲህ ወዲያ እያለ ሩብ ግራም ጎደለ ብሎ መፍረድ ምን የሚሉት ሳይንስ ነው?

አንድ ጉዳይ እናንሣ። ስሟን አንጽፍም፤ የተማረችበትንም ጊቢ አንጠራም። የእኛ ሰፈር ልጅ ናት፣ ቀድማን የገባች። እናቷ ቅመማ ቅመም ይቸረችራሉ፤ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ሚጥሚጣ። ልጅቷ በአራተኛው ዓመት የዕቁባቸውን ተራ «ለሐምሌ ይሁንልኝ» ብለው ዳኛውን ተለማምጠው አስቀየሩ። ቀሚሱን ሸማ ተራ ሄደው ራሳቸው መርጠው ገዙ። ልጅቷ 3.74 አመጣች። በልጅነቷ ከክፍሏ አንደኛ ሆና የማታውቅበት ዓመት ስላልነበረ፣ «እጅግ» የሚለው ቃል ከስሟ ፊት ሳይጠራ እናቷ አዳራሽ ውስጥ ቁጭ እንዲሉ አልፈለገችም። «እማ፣ ዘንድሮ ወላጅ አይገባም ተብሏል» አለቻቸው። እሳቸውም «ለምን? ሌላው ሰው ልጅ አልወለደም?» ብለው ቀሚሱን አጥፈው ሳጥን ውስጥ መለሱት።

ማታ ስትመለስ «ጨረስሽ?» አሏት። «ጨረስኩ።» «እሰይ፣ የኔ እናት» ብለው ሳሟት። በሦስተኛው ቀን የጎረቤታቸው ልጅ በዚያው ዕለት፣ በዚያው አዳራሽ መመረቋን፣ ቤተሰቡ በሙሉ ሚኒባስ ተከራይቶ መሄዱን ሰሙ። ልጃቸውን ምንም አላሏትም። ከእኛ አንዱን ጠሩና፣ ጎናቸው ያለውን ጆንያ እያጠፉ፣ «ንገረኝ እስቲ ልጄ፣ ያፈረችብኝ በርበሬ በርበሬ ስለምሸት ነው?» ብለው ጠየቁት።

ምን ብሎ ይመልስ? 0.00625 ብሎ ያስረዳ? እናት የልጇ ኀፍረት በራሷ ምክንያት የመጣ መስሏት ስንት ቀን ተብሰለሰለች። ይኽ በየትኛው ትራንስክሪፕት ላይ ይጻፋል?

ነገሩ የአንዲት ልጅ ሞኝነት ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። በየዓመቱ የምረቃ ሰሞን የወላጅ ስልክ የማያነሣ፣ «ፕሮግራሙ ተራዝሟል» የሚል፣ ከሰው ቤተሰብ ጋር ቆሞ ፎቶ የሚነሣ እንዳለ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሲጠየቁ የሚሉት ደግሞ አንድ ነው፦ «ወላጆቼን አሳፈርኩ።» እዚህ ላይ ነው እኛ የምንቃወመው። የትኞቹ ወላጆች? መርካቶ ያሉት? እነሱ መቼ አስረኛውን ከመቶኛው ቁጥር ለይተው ጠየቁ? የእነሱ ጥያቄ «ጨረስሽ?» ነው። «ስንት መጣ?» የሚለው ጥያቄ የእኛ ነው፤ ዶርም ውስጥ የተወለደ፣ ኮሪደር ላይ ውጤት ሲለጠፍ ያደገ።

ወላጆች የሚቆጥሩት ሌላ ቁጥር ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተነው ተማሪ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 ከመቶ ብቻ ነበር። በ2015 ዓ.ም. 3.2፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4። አንድ የቆርቆሮ ቀጥቃጭ ልጁ ከመቶ ሦስት ሰው በሚያልፍበት በር አልፎ ሲገባ አይቷል። ከዚያ በኋላ በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና ተጨመረ፤ እሱም 50 ካልሞላ ዲግሪ የለም። ልጁ ያንንም አለፈ። ይኽ አባት ጥቅምት 2017 ሸማ ተራ ሲነድ ሌሊቱን ቆሞ ያየ ሰው ነው፤ መጉደል ምን እንደሆነ ያውቃል። ሂዱና 3.74 ጎዶሎ ነው ብላችሁ አስረዱት እስቲ!

ይኽን ስንል ወላጆችን በሙሉ ንጹሕ እያደረግን አይደለም። «የእገሌ ልጅ ዶክተር ሆነ» እያለ በየዕድሩ ድንኳን ልጁን የሚያሳንስ አባት አለ። ግን እሱን ማን አስተማረው? ትምህርት ቤቱ ነዋ! ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የምንቀበለው ካርድ ግርጌ «ደረጃ» የምትል ሳጥን አለች። ከ60 ልጅ 4ኛ፣ ከ60 ልጅ 31ኛ። በወላጆች በዓል ሦስት ልጆች መድረክ ላይ ይጠራሉ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይሸለማሉ፤ ሃምሳ ሰባቱ ያጨበጭባሉ። ሃምሳ ሰባት እናት ሱቋን ዘግታ የመጣችው ለማጨብጨብ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ያለ ትምህርት የተሰጠው ወላጅ በመጨረሻው ቀን «አንደኛ ወጣህ?» ቢል ምን ይገርማል? ትምህርቱን በደንብ ተምሮታል፣ ኤ ይገባዋል።

አሁን ደግሞ ስለ ቃሉ። «ማዕረግ» የግእዝ ቃል ነው፤ ከዐርገ፣ ወጣ ከሚለው። መወጣጫ፣ ደረጃ ማለት ነው። አንድ ሰው የሚረግጠው ነገር ነው እንጂ አንገቱ ላይ የሚንጠለጠል አይደለም። በቅኔ ቤት ልጁ ስንት ዓመት ቆሎ ለምኖ፣ ውሻ ተከላክሎ፣ ቅኔውን ከሞላ በኋላ መምህሩ ያስመሰክሩታል። ወይ አስመስክሯል ወይ ገና ነው። ገና ከሆነ ይቀጥላል። በአንዋር መስጊድ ዙሪያ ቁርዓን የሚቀሩት የሰፈራችን ልጆችም እንደዚሁ ናቸው፤ አኽትሟል ወይ አላኸተመም፤ ሲያኸትም ቤተሰቡ ይደግሳል። «በ0.006 አንሶ አኸተመ» የሚባል ነገር የለም። የድሮው ትምህርት ገነት ነበር እንዳንባል፤ አለንጋው፣ ረኀቡ፣ ሴት ልጅን በር ላይ ማስቀረቱ አይረሳንም። ግን «ዐወቀ» ለማለት አራት አኃዝ አላስፈለገውም።

ኤ፣ ቢ፣ ሲ ከባሕር ማዶ ስለመጣ ነው የምትጠሉት ትሉን ይሆናል። አይደለም። በ1943 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ሲከፈት፣ በ1954 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲያድግ ስንት ነገር አብሮ መጥቷል፤ ጥቁሩ ጋዋንም የመጣ ነው። መርካቶስ ስሙን ያገኘው ከማን ነው? ጣሊያን በወረራው ዘመን አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ገበያ ነቅሎ ወደ ምዕራብ ሲወስደው «የአገሬው ገበያ» ብሎ ነበር፤ ነጩና ጥቁሩ እንዳይነካካ። ሰዉ ግን ገበያውን ሸማ ተራ፣ ቦምብ ተራ፣ ምን አለሽ ተራ ብሎ ከፋፍሎ፣ ምራቂም ጨምሮበት የራሱ አደረገው። የእኛ ምሁራን የተቀበሉትን ሚዛን ሰባ ዓመት ሙሉ ምራቂ ሳይጨምሩበት ይዘውት ቁጭ ብለዋል። ቅሬታችን ይኼ ነው።

«እሺ፣ ግን መስመር አንድ ቦታ መሠመር አለበት» የሚል ወዳጅ አለን። 3.75 ቀርቶ 3.74 ቢሆን 3.73 ያመጣው ያለቅሳል ይለናል። እውነቱን ነው። መስመር አይሠመር አላልንም። የመስመሩ ቀጭንነት ከሚዛኑ ልክነት አይብለጥ ነው ያልነው። ወላዋይ ሚዛን የያዘ ሰው ወፍራም መስመር ያስምር። መስመሩ ላይ የቆመውን ደግሞ ከመጣሉ በፊት ሌላ ሰው ደግሞ ይየው። ሐኪም እንኳ ከመቁረጡ በፊት ባልደረባውን ይጠራል።

ሌላው «እንጀራው ነውና እንዴት ትንቁታላችሁ?» ይለናል። ይኽኛውን በቁም ነገር እንሰማዋለን፤ መርካቶ ያደገ ሰው እንጀራ አይንቅም። የረዳት ምሩቅ ማስታወቂያ አማካይ ውጤት ይጠይቃል። ባንኩም ይጠይቃል። አንድ ቦታ ለሁለት ሺሕ ሰው ሲለጠፍ መቅጃው ያው ቁጥር ነው። ልክ ነው። ግን ልብ በሉ፦ ቀጣሪው ቁጥሩን የሚፈልገው ወረቀት ለማሳነስ ነው፤ ሁለት ሺሕ ማመልከቻ ማንበብ ስለማይችል። የቢሮ ወንፊት ነው። ለዚያ ሥራ ያገልግል። ማነው ወንፊቱን ከቢሮ አውጥቶ ሳሎን ግድግዳ ላይ የሰቀለው? ማነው እናት ልጇን የምታይበት መነጽር ያደረገው? ቀጣሪው አይደለም። እኛ ነን፣ መድረኩ ላይ ድምፅ ማጉያ የያዘውም ሰው ነው።

ስለ እኛ ካነሣን አይቀር። «ሰቃይ» የሚባል ቃል ፈጥረናል። ውጤቱን ከፍ አድርጎ የሚሰቅል ማለታችን ነው፤ ስንሰማው ግን ሥቃይ ሥቃይ ይላል። ሰቃዩ ምን ያደርጋል? ከባዱን ኮርስ ይሸሻል። የብራና ጽሑፍ ማንበብ የምታስተምር ምርጫ ኮርስ ተከፍታ አራት ሰው ተመዝግቦባት ስትዘጋ አይተናል፤ ምክንያቱ ምንድነው ሲባል «መምህሩ ኤ አይሰጥም»። የአገሩን መጽሐፍ ለማንበብ የመጣ ተማሪ ነጥቡን ለማዳን ሲል መጽሐፉን ሸሸ! ሰቃዩ ሐተታ ሲጽፍ የሚያምንበትን ሳይሆን መምህሩ የሚወዱትን ይጽፋል። ሀንድአውት ይሸመድዳል፣ ለጓደኛው አያውስም፣ ውጤት ሲለጠፍ መጀመሪያ የሚያየው የሌላውን ነው። ከዚያ በመምህሩ በር ላይ ተሰልፎ «ቲቸር፣ አንዷን ብቻ» ይላል። አስተውሉ፣ ምራቂ እየለመነ እኮ ነው! ግን ለብቻው፣ በሹክሹክታ፣ ለራሱ ብቻ። መምህሩ ላንዱ ይሰጣል፣ ላንዱ ይነፍጋል፤ ማን እንደተሰጠው ማንም አያውቅም። የምንጠይቀው ያንኑ ምራቂ በአደባባይ፣ በደንብ፣ ለሁሉም ነው።

ከእኛ በፊት በእነዚህ ዛፎች ሥር ያለፈው ትውልድ በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብሎ ሲወጣ ሚድተርም ቀርቦ ይሆን አይሆን አናውቅም። ጥላሁን ግዛው በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. ሲገደል አማካይ ውጤቱ ስንት ነበር ብሎ የጠየቀ ሰው እስከ ዛሬ አልሰማንም። በ1967 ዓ.ም. ዕድገት በኅብረት ሲታወጅ ስንቱ ጋዋኑን ሳያደርግ ወደ ገጠር ሄደ፤ ስንቱም ሳይመለስ ቀረ። ያ ትውልድ ጥፋት አልነበረበትም አንልም፤ እሱ ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ ነው። ግን ወላጁን የሚያስለቅስበት ምክንያት ቢያንስ ከ0.00625 ይከብድ ነበር።

የምንፈልገው ነገር ብዙ አይደለም። ማዕረጉ ትራንስክሪፕት ላይ ይጻፍ፤ ቀጣሪ ያንብበው። በምረቃው ቀን ግን ስም በፊደል ተራ ይጠራ፣ ሁሉም አንድ ጭብጨባ ያግኝ። ሦስቱን የማዕረግ መስመሮች በአንድ ኮርስ አንድ እርከን ብቻ የሳተ ተማሪ ቢኖር የዚያ ኮርስ የመጨረሻ ፈተና፣ ተማሪው በር ሳያንኳኳ፣ በሌላ መምህር ይታረም፤ ስሙ ተሸፍኖ። በየኮርሱ ስንት ኤ፣ ስንት ቢ፣ ስንት ሲ እንደተሰጠ ሴሚስተሩ ሲያልቅ ይለጠፍ። ይኽ ገንዘብ አይጠይቅም። ሁለተኛ አራሚ ጊዜ ይወስድበታል፣ አዎ፤ አራት ዓመት የወሰደን ነገር ሁለት ሰዓት ቢጨመርበት ምን አለ?

የጥሪ ካርድ አዳራሹ ስለሚጠብ ለአንድ ተመራቂ ሁለት ብቻ ነው እየተባለ ይታደላል። እነዚያን ሁለት ካርዶች ኪሱ ውስጥ ደብቆ የሚያስቀር ተመራቂ ካለ ከወዲሁ ይንገረን፤ መርካቶ ወርደን እናደርስለታለን። የሱቁን ተራና ቁጥር ብቻ ይጻፍልን። የትምህርት ክፍል ኃላፊዎችም ከላይ ላልነው መልስ ካላቸው እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ይላኩልን፤ አንድም ቃል ሳንቆርጥ እናወጣዋለን።